መብራት ሲጠፋ

ምን ልግዛ አልሽኝ፣ ዘምዘም፣ ሰማዩን ለማየት፤
ምን ዕቃ ይዤ ልውጣ፣ በየትኛው ሌሊት።
ቦርሳሽን ዝጊ። የመጀመሪያው ጨለማ ነው፣
ደሴ ላይ በነጻ የሚታደል፣ ወረፋ የሌለው።

ሠላሳ አንድ ዓመት መብራት ኃይል ሠርቻለሁ፤
ምሰሶ ላይ ተንጠልጥዬ ይህችን ከተማ አብርቻለሁ።
ማንም አልጠየቀኝም እንጂ፣ የጠየቀኝ ቢኖር፣
ስትጠፋ ነበር የምወዳት፤ ያኔ ነበር የምታምር።

ሁለተኛው የከረሜላ ልባስ፤ ቀዩን፣ የሚንኮሻኮሸውን፣
በባትሪሽ አፍ ላይ በላስቲክ እሰሪው፤
ነጭ ብርሃን ሌባ ነው፣
ዓይንሽ ሃያ ደቂቃ ያጠራቀመውን
ባንድ ብልጭታ ይዞ የሚሰወር።
ሦስተኛውን ረሳሁት። ሲመጣልኝ እነግርሻለሁ።

መነጽሩ የሰኞ ገበያ ነው፤ ግራ ዓይኑ ተሰንጥቋል፣
በሱ ካየሽ ጨረቃ መንታ ትሆናለች፤ በቀኙ እዪ።
ክርንሽን ግንብ አስደግፊ፤
እጅ ሲንቀጠቀጥ ኮከብ እስክስታ ይወርዳል።

ወደ ሐረጎ ውረጂ፣ ከወንድምሽ ጋር፣ ከመታጠፊያው በላይ፤
ኮምቦልቻ ከታች እንደ ፍም ተበትና ስትታይ
ጀርባሽን ስጫት።
አዲስ ኮከብ ከገደሉ ሥር ሲወጣ ካየሽ አትደንግጪ፤
የጂቡቲ መኪና ነው፤ ኮከብ ጥሩንባ አይነፋም።

ስማቸውን ባታውቂም አይቀየሙም።
እኔ ራሴ መጽሐፍ ሳላገኝ በሙያዬ ነበር የሰየምኳቸው፦
ተሰልፈው የሚቆሙት ሦስቱ ምሰሶዎቼ፣
የተጨናነቁት ሰባቱ የፊውዝ ሳጥን፣
ፍኖተ ሐሊብ ደግሞ ከአድማስ አድማስ የተዘረጋ
ማንም ቆጣሪ ያልገጠመበት መስመር።

ስለ ጨረቃ ከኔ ይልቅ ሼህ ይማምን ጠይቂ፤
ሸዕባን ሃያ ዘጠኝ ሲሆን፣ ጦሳ ምዕራቡን ስለሚጋርድ፣
ሽቅብ የሚወጡትን ሽማግሌዎች ተከትለሽ ውጪ።
ያችን ጥፍር የምታህል ማጭድ ከነሱ ቀድሞ ያየ የለም።
ዕድሜዋን በጣት መቁጠር ካሻሽ ደግሞ
አበቅቴ የሚያሰሉት መሪጌታ ላቀው ቤታቸው ከሆጤ በታች ነው፤
ሻይ ሲሉሽ እንቢ አትበይ፤ ስሌቱ ረጅም ነው።

ነሐሴን ለጉሙ ተይለት።
ከጦሳ ተንከባሎ በየደጁ ሲቆም
ሰማይ ይዘጋል፣ ጆሮ ይከፈታል፦
የቦርከና እንቁራሪት፣ ጽዱ ላይ ያለች ጉጉት፣
ጅቡም በቄራ በኩል።
ሰዓቱን ጻፊ፤ እሱም ማየት ነው።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልነገርኩም።
ታኅሣሥ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ወድቆ ሽቦ በጥሶ፣
ከተማው እስከ ሮቢት ጨልሞ፣
አንቺ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ከምሰሶው ሥር ቆመሽ፣
"ያ የማይርገበገበው ምንድን ነው?" አልሽ።
"ዙሐል" አልኩሽ።
እጄ ማብሪያው ላይ ነበር።
አለቃዬ በሬዲዮ፣ "አልጨረስክም ወይ?" አለ።
"ገና ነው" አልኩ። "ሽቦው ገና ነው።"
ሽቦው ደርሶ ነበር።

አራት ደቂቃ።
አንቺ አንገትሽን ቀልሰሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ።
በዚያው አራት ደቂቃ እነ ከድጃ ቤት
አዋላጇ ሻማ ፍለጋ ትራወጥ ነበር።
ልጁ ደህና ነው፤ ኳስ ይጫወታል፤
በደጃቸው ሳልፍ ግን ዛሬም
ኮፍያዬን ወደ ዓይኔ እስባለሁ።

ደብተሬን ከመነጽሩ ጋር ጠቅልዬዋለሁ።
የቆጣሪ ንባብ ደብተር ነው፤ ግራ አይግባሽ፤
"ኪሎዋት" በሚለው ሥር ያለው የተወርዋሪ ኮከብ ቁጥር ነው፣
"ውዝፍ" በሚለው ሥር ደመና የበላቸው ሌሊቶች።
እኔ ካቆምኩበት ገጽ ቀጥዪ።

ሦስተኛው ትዝ አለኝ፤
ጋቢ።