ቀስ ሲል

ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ በጥቁር አንበሳ፣
ዘርፌ ከማጉያው ዐይኗን ሳታነሳ
ፀጉር በማታህል የመስታወት ቧንቧ
ታያለች ጠብታ ደም ቀስ ብሎ ሲገባ።

ባለደሙ ድንበሩ፣ ቲኬት የቆረጡ
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሲወርዱ ሲወጡ
ከፒያሳ ለገሃር። አውቶቡሱ ሲቆም
ሳንቲም በሳንቲም ላይ ይደረድሩ ነበር፤
ሲነሳ፣ መዳፋቸው ላይ ብትን።
አሁን ደማቸውም የለመደው ይኸው፦
ከፈጠነ ብትን፣ ከዘገየ ክምር፣
ቀዩ በቀዩ ላይ ደረቱን አስደግፎ።

ከዚያ ይበልጥ ጠባብ ቧንቧ ቀየረችለት።
ይቆማል ብላ ነበር።
አልቆመም፤ ቀጠነ፣ ጭራሽ ቀለለው፤
ቀዮቹ መሐል መሐሉን ይዘው፣
ዳር ዳሩን ለውሃው ትተው፣
አንድ ባንድ አለፉ፣
እንደ ቲኬት ታጥፈው።

ጠዋት ለውጤቱ መጡ። «ምን አየሽ፣ ልጄ?»
«ቀስ ሲል ይያያዛል፣ አባባ፤ መንገድ ሲጠበው
መሐል ገብቶ ያልፋል።»
ሳቁ። «እሱንማ ለእኔ?
ዕድሜዬን ሙሉ ‹ጠጋ ጠጋ በሉ› ያልኩት
ለማን መሰለሽ?»

ወረቀቱን፣ ቁጥሩን ሳያነቡት፣
በአራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ፤
ቸርችልን ሽቅብ ያዙት፣
ዳር ዳሩን፣
በየመብራቱ ምሰሶ እየቆሙ።