ሞራ ገላጭ

በአሥራ ስድስት ቀን አንዴ፣ ረፋድ አራት ተኩል ላይ፣
አዘዞ ሜዳ ወጥተን፣ ከማሽላው ማሳ በላይ፣
ነጭ ሸራ እንዘረጋለን፣ ለማናየው እንግዳ፤
ጥላችን እንዳይነካው፣ እግራችን እንዳያጎድፈው፣
በዙሪያው ቆመን እንደ ባዳ።

«ምን ልታሰጡ ነው?» አለ መንገደኛ፣ ከነአህያው፤
«ጤፍ ነው? ብቅል?»
ባንቺአምላክ ሳቀች፤ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች፤
እሱም አንጋጠጠ፤ ባዶ ሰማይ ነው ያየው።

ከኛ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ድምፅ በሌለው ሽቅብ፣
አንድ ዓይን ያልፋል፣ ከአንገረብ እስከ ቀሃ
ጎንደርን በአንድ ትንፋሽ ሲያነብ።
እኛም በዚያችው ደቂቃ፣ በትንሿ መሣሪያ፣
ሸራው የመለሰውን ብርሃን እንሰፍራለን፣
እንደ እህል በገበያ።
እሱ ከላይ የጻፈው፣ እኛ ከታች የሰፈርነው
ሲገጥም ደግ፤ ሳይገጥም ነው ሥራችን የሚጀምረው።

ሳይገጥም ከረመ።
ከላይ የሚመጣው ቁጥር፣ እንደ በጋ ኩሬ ቀስ እያለ ጎደለ፤
«ምድራችሁ ጠቆረች» አለ።
አፈሩ ነው የተጠበሰ? ሣሩ ነው የተቃጠለ?
ወይስ ያ ዓይን ራሱ፣ ፀሐይ ያለ ከለላ ስትገርፈው፣
መስተዋቱ ደክሞ ይሆን፣
የራሱን ጭጋግ የኛ ነው ብሎ የጻፈው?

በዚያው ሰሞን አባቴ፣ ልብስ ሰፊው ይርሳው፣
አራዳ ከሱቁ ደጅ መርፌና ክር ሲያታግል ዋለ፤
«የዘንድሮ ክር ተጭበርብሯል፤ ነጩም ግራጫ ነው» አለ።
«ግንቡም ጠቁሯል፤ ጭስ ነው መሰል፤ መታጠብ ይገባዋል፤
አምፖሉም የድሮ አይደለም፤ ሻማ እንኳ ይበልጠዋል።»
አልተከራከርኩትም።
ማን ዓይኑን በዓይኑ አይቶ ያውቃል?

ለሱስ ሐኪም አለው፤ ሆስፒታል ወሰድኩት።
ለዚያኛው መሰላል የለው፤ የሚወለውለው እጅ የለው፤
እንዳረጀ ያያል፤ ማርጀቱን አስልተን ነው ቃሉን የምንቀበለው።
በወር አንዴ አንገቱን መልሶ ሙሉ ጨረቃን ያይና
(ነፋስ የላት፣ ዝናም የላት፣ ፊቷ አይለወጥምና)
«ባለፈው ስንት ነበርሽ? ዛሬስ ስንት ሆነሽ ታየሽኝ?»
ይላታል። እሷም በዝምታ፤ «አንተን እይ፤ እኔ ያው ነኝ።»

ጨረቃስ ያው ናት። የኛስ ሸራ?
አንድ ማለዳ ባንቺአምላክ ከሳጥን ተከድኖ የኖረ፣
ፀሐይ ያልነካው ቁራጭ አወጣች፤
ከተዘረጋው ጎን አስጠጋች፤
ዝም አለች።
ወተት ያልነው ሸራችን ያደረ ቅቤ ሆኗል፤
በሰማይ ያስመሰከርነው ምስክር፣ ለካ እሱም ገርጥቷል።

ያን ቀን ሜዳው ላይ ቁጭ ብለን፣ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን፣ የስድስት ዓመት መዝገብ ከፍተን፣
ከነቀፍነው ስንት እጁ የኛ እንደሆነ ቆጠርን፣
አንድ በአንድ አጥፍተን።
ጠቡ ቀነሰ እንጂ አላለቀም፤
ዓይኑም ደክሟል፣ ሸራውም፤
ምድሩም ጥቂት ጠቁሯል፣ እውነቱን ለመናገር።

የአባቴ ፋሻ የተፈታ ለት፣ በመስኮቱ ብርሃን ሲገባ፣
አንሶላውን አየ፣ የነርሷን ጋዋን፤
«ነጭ እንዲህ ነበር ለካ!» አለ፣ ሊስቅ ሲል እያነባ።
ከዚያ ወደኔ ዞረ። ቆየ። ከግንባሬ በላይ።
«ልጄ፣» አለ፣ «ይህ ሽበት መቼ ወጣ? ሳላይ?»

ሞራ ገላጭ ድሮ ነበር፣
በታረደ በግ ሞራ የሚመጣውን የሚያነብ።
የኛ ሞራ ወደ ኋላ ነው የሚገለጥ፤
የአምናን፣ የካቻምናን ምስል አውጥተን እናርማለን፤
ያኔ ጨለመ ያልነውን ቀን፣ «ብርሃን ነበረ» እንላለን።

ትናንት ደመናው ከጎሃ አናት ስላልወረደ፣
አዲሱን ሸራ ዘረጋን፤ ጠርዙን አባቴ ነው የሰፋው፤
ፀሐይ ነካው፤ እርጅናው እዚያው ተወለደ።
ባንቺአምላክ ቀኑን በጥጉ ጻፈች።
ያ ባለአህያ ደግሞ መጣ፤
«ዛሬም ባዶውን አሰጣችሁት?»
ለአራት ተኩል ሁለት ደቂቃ ቀርቶ ስለነበር፣
አልመለስንለትም።