አዲሱ አሮጌ

በሚያዝያ ሙቀት፣ አዳማ ስትጋገር፣
ጎማ ጥላ ስር ቀልጦ ሊንጠባጠብ ጥቂት ሲቀር፣
ሶሬቲ ልጄ በፌስታል ጠቅልላ
የቆዳ ጃኬት ይዛልኝ መጣች፣ «ልበሰው» ብላ።

ፈታሁት። ቡኒ ነው። አንገትጌው የተሸበሸበ፣
ክርኑ የነጣ፣ ዕድሜ የጠገበ።
«ልጄ፣» አልኳት፣ «ይሄን የለበሰው ሰውዬ፣
ነፍሱን ይማርና፣ መቼ ሞተ?» ብዬ።
ሳቀች። «አዲስ ነው፣ አባዬ፤ ፋሽኑ እንዲህ ነው፤
ማንም ያልለበሰው፣ እንዲሁ ያስረጀነው።»
ዋጋውን አልነገረችኝም።
ሃያ ሦስት ዓመት አብራኝ ኖራ ቁጣዬን ታውቃለች።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
በጅቡቲ መንገድ ተሳቢዎች ሲግተለተሉ፣
ያለቀ ጎማ ላይ ጥርስ ቀርጬበት፣
ጥቁር ቀብቼ «አዲስ ነው» ያልኩበት
ቀን ስንት ነው? ውሸት ነው፤ ልጅ አሳደግሁበት።
ዛሬ ደግሞ መጣችብኝ፣ በገዛ ደጄ፣
አዲሱን «አሮጌ ነው» የምትል ልጄ።

ሽታውስ? ሞጆን ሲያልፍ ሚኒባስ
ተሳፋሪውን አፍንጫ አስይዞ መስኮት የሚያስዘጋው፣
እሱው ራሱ፣ ግን ጨዋ የሆነ፣ ሰም የተቀባ።

ሳምንት ሙሉ ዋለ፣ ከመነዳሪ ሚስማር ላይ፤
አንድ ማታ ሞከርኩት፣ ማንም እንዳያይ።
ትከሻው ይጮሃል፤ ክንዱ አልታጠፍ አለ፤
ደቻሳ ሰርቆ አየኝና «ሞተርህ የታለ?»
ብሎ ሳቀብኝ፣ ያ ባጃጅ ጠጋኝ!
አውልቄ ሰቀልኩት። ላብ ብቻ ተረፈኝ።

ከዚያ ኅዳር መጣ። ኮረብታው ላይ ያሉት
ባለ ሦስት ክንፎች ሌሊቱን ሲያዞሩት፣
ከለሊቱ አሥር ሰዓት ስልክ ተደወለ፦
ወለንጪቲ መንገድ ጎማ ፈንድቶ አለ።
ጋቢ ለብሶ ክሪክ አይነሳም፤ ሌላ ልብስ የለ፤
እጄ ራሱ ሄዶ ጃኬቱን ነጠለ።

አስፋልት ዳር ተንበርክኬ፣ ቡሎን ስፈታ፣
ነፋሱ መጣ፣ ደረቴን መታ፣
መታና ቀረ። አልገባም።
እኔ ነፋስን አውቃለሁ፤
ስንቱን ቸርኬ ላይ አስሬዋለሁ፤
ቀዳዳ ካላገኘ ምን አቅም አለው።

ረዳቱ ልጅ በስልኩ መብራት ሲያበራልኝ
ክርኔ ላይ ያ የነጣው ቦታ ታየኝ፦
የብርጭቆ ወረቀት ጭረት፣ ቀጭን፣ ክብ ክብ፣
ሁሉም ወደ ግራ ያጋደለ።
ይህን እጅ አውቀዋለሁ።
ግራኟ ልጄ፣ ሁለተኛ ክፍል ሳለች፣
ስህተቷን በላጲስ እንዲህ ፈግፍጋ ፈግፍጋ
ደብተሯን ትበሳው ነበር፤
መምህሯ ተቆጣቻት፤
እኔ መታኋት።

«ያስረጀነው» ነበር ያለችኝ።
ሞጆ ፋብሪካ ገባች እያልኩ ለሰው አወራለሁ፤
እዚያ ምን እንደምትሠራ ግን
ጠይቄያት አላውቅም።
ቡሎኑን አጠበቅሁ። ሾፌሩ ከፈለኝ፤ አልቆጠርኩትም።

እሑድ መጣች። ስልኳን ልትከፍት ጣቷን ብታስነካው
እምቢ አላት፤ አሻራዋን አልለይ አለ።
«ተፍቆ አልቋል» አለች፣ እንደ ቀላል፣
ቁጥሩን እየነካካች።
ምን ይባላል? ተነስቼ ጃኬቱን ለበስኩ።
ቤት ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣
ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ምሳ አብሬያት በላሁ።
አየችኝ። ምንም አላለችም። ወጥ ጨመረችልኝ።

አሁን የራሴም አለበት፦
የቸርኬ ጠርዝ የጫረው፣ የኪሱ አፍ ላይ የግሪስ ጣት።
የትኛው የሷ፣ የትኛው የኔ እንደሆነ
ከእኔ በቀር የሚለይ የለም፤
እኔም አንዳንዴ ይጠፋኛል።
ትከሻው መጮህ ትቷል።

ትናንት ደቻሳ ጠጋ ብሎ እጅጌውን ዳሰሰው።
«ሞተሩስ ይቅር፣» አለ፣ «እውነት ግን፣
ስንት ዓመት ለበስከው?»

«ሃያ ሦስት» አልኩት።