ሁለት ኪሎ ቲማቲም

ፓዛርዳን ኢኪ ኪሎ ዶማቴስ አልድም።
አሥራ አንድ ጊዜ አልኩት፤ ሙካዴስ ሃንም ግን አልለቀቀችኝም።

አከራዬ ናት፤ ኤድርኔ፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣
አርባ ዓመት ልጅ ያስተማረች፣ ጡረታ የማታውቅ።
አንቱ ስላት ትቆጣለች።
ደብተር አትወድም፤ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ትዘረግፋለች።

"ገበያው ይኸው" ትላለች ትልቁን ቲማቲም አንሥታ፣
"ዳን ደግሞ ጭራው ነው" ትላለች ትንሹን አስጠግታ።
የኔዋ "ከ" ችኩል ናት፣ ከስሙ ቀድማ በር ትከፍታለች፤
የሷ "ዳን" ዘንቢል አንጠልጥላ ከኋላ ታዘግማለች፣
ግን ሁሌም ትደርሳለች።
ከገበያ ሲሆን ዳን፣ ከቤት ሲሆን ዴን፤
"አናባቢም ጎረቤቱን ይመስላል፣ ሰው ብቻ መሰለህ ወይ?" አለችኝ።
"ሁለት ካልክ ደግሞ በቃ፣
ቲማቲሞች አትበል፤ አንዴ ተቆጥሯል።"

ግሱ እንደኛው መጨረሻ ይቀመጣል፤
እስኪመጣ ድረስ ማን እንደገዛ፣ ማን እንደጣለ አይታወቅም።
የ"አልድም" ድምፅ ለአፌ እንግዳ አልነበረም፤
ሳድስ ናት፣ የፊደል ገበታ ስድስተኛዋ ቤት፣
ገና ሳልሳፈር የማውቃት።

አንድ ማክሰኞ "ሩስቴም ካርፑዝ አልድ" አልኳት፣ ሐብሐብ ገዛ።
"ሲገዛ አይተኸዋል?"
"ኧረ የለም፣ ቅርፊቱን ደረጃው ላይ..."
"እንግዲያው አልምሽ በል! ሳያዩ አልድ ማለት
በሐሰት መመስከር ነው።"

አልምሽ።
ገዛ አሉ። ገዝቶ ኖሯል።
እኔን ግን ምሽ ሲሉኝ ምሽት ይመጣብኛል፤
ግሱ ጫፍ ላይ ጀንበር የምትጠልቅ፣
የሆነው ሁሉ ሆኖ ዓይን ያልደረሰበት።

ብርዱ ሲገባ የባሏን ካፖርት ለሰው ልትሰጥ አወጣች።
ኔቭዛት ከሞተ ሁለት ዓመቱ።
ከውስጥ ኪሱ ደረሰኝ፣ አራት ቦታ የታጠፈ፦
የሴት ጫማ፣ ቡናማ፣ ሠላሳ ሰባት ቁጥር፣ ተከፍሏል።
መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች።
"ባና አልምሽ" አለች፣
እንደምታስተምረኝ ጮክ ብላ አይደለም።
ለኔ ገዝቶ ኖሯል።

በማግስቱ ሳራችላር መንገድ ሄደች። ባለሱቁ ሞቷል፣
ልጁ መጋዘን ገብቶ ቆየ፣
አቧራ የለበሰ ካርቶን ይዞ ወጣ።

እቤት ስትገባ ካርቶኑን ከቲማቲሙ አጠገብ አኖረችና
"አልድም" አለች።
ገዛሁ? ወሰድኩ? ተቀበልኩ?
ለሦስቱም ቱርክኛው አንድ ግስ ነው ያለው፤
የቱን ማለቷ እንደሆነ ልጠይቃት አፌን ከፍቼ
ተውኩት።

እግሯን አስገባች፣ ተነሣች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች።
"ዳርምሽ።"
ጠባብ ኖሯል።
"እንዴ! በገዛ እግርሽ ለክተሽ? ምስክሯ አንቺው ነሽ፣
ምሽን ምን አመጣት?"
"ለሚያስገርምም ነገር ትሆናለች" አለች፣ እየሣቀች፣ ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች፤
"እሱን ነገ እንማራለን።
አሁን ቲማቲሙን እጠብ።"