ወረቀቴ ላይ ያልነበረ

ከደብረ ብርሃን ስነሳ፣ በሌሊቱ መኪና፣
ሃያ ጥያቄ ነበረኝ፣ ከነመልሱ የተጠና።
«አይጡ አልሄድ ቢልስ?» — ነቅለህ መልሰህ ሰካ።
«ፈረንጅኛው ሁሉ ገዘፈ?» — ከግራ ያለችውን ቁልፍ አንዴ ንካ።
ጣርማበርን በጉም አልፌ፣ ወረቀቴን ደረቴ ሥር አጥፌ፣
ለመሬት ቢሮ ሰዎች አራት ቀን ይበቃል ብዬ፣
ገባሁ መሐል ሜዳ፣ ጣቴ ደንዝዞ፣ እያንቀጠቀጠኝ ብርዱ።

ስድስት ኮምፒውተር ለአሥራ አንድ ሰው፤
ግማሹ ባርኖሱን ሳያወልቅ፣
እጁን አውጥቶ አንዴ ነክቶ፣ ደግሞ ወደ ውስጥ መደበቅ።

ጋሽ እንግዳወርቅ ናቸው፣ ጓሳን ሃያ ዓመት የጠበቁ፣
መጀመሪያ እጅ ያወጡ፣ መጀመሪያ የጠየቁ፦
«ይኼን አይጥ ያለው ሰውዬ፣ አይጥ ዓይቶ ያውቃል ለመሆኑ?
ጭራዋ በፊቷ ወጣ! የት አገር ነው እንዲህ መሆኑ?»
ሳቅን። «ሁለቴ ይንኩት፣ ቶሎ ቶሎ» አልኳቸው።
አንዴ ነኩና ጠበቁ፤ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ዓይናቸው።
«ቀይ ቀበሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጆሮውን ቀስሮ ያደባል፤
አንዴ ነው የሚዘል፣ ልጄ፤ ሁለቴ የዘለለ ጦሙን ያድራል።»

ቀስቷ ከስክሪኑ ዳር ሳትደርስ፣ እጃቸው ጠረጴዛው ዳር ደርሶ፣
የጎረቤታቸውን ደብተር ገፋ፣ ክርናቸው ወሰን ጥሶ።
«ድንበር ገፋሁ እኮ! መሬቱ አለቀብኝ፣ ምን ይሻላል?»
«አንስተው መልሰው ያስቀምጡት፤ ቀስቷ ካለችበት ትጠብቃለች።»
«ሲነሣ አያውቅም ማለት ነው?»
«አያውቅም።»
«ወይ ጉድ። እንደ ሹም ነዋ!»

ዲያቆን ወልደሰማያት ደግሞ ቁልፎቹን ቁልቁል እያየ፣
የተደፋ እህል ይመስል፣ በዓይኑ ሲለቅም ቆየ።
«ሀ ሁ በተርታ ነው የተማርነው፤ ይኼን ማነው የበተነው?
ሃሌታው ሀ የት አለ? ሐመሩስ? ብዙኃኑስ?
ሦስቱን ባንድ ቁልፍ ማሳደር፣
ሦስት ወንድም ባንድ ሱሪ ማልበስ!»
ይቺን ይዞ ያቺን ሲነካ፣ ሐመሩ ብቅ ቢልለት፣
አማተበ። ከዚያ ወዲያ እስከ ምሳ ዝም አለልኝ ማለት።

ወይዘሮ በለጥሻቸው ግን፣ የመዝገብ ቤቷ፣ ሦስት ቀን ምንም አልጠየቁም።
በአንድ ጣት፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው፣
አይቸኩሉም፣ አይሳሳቱም።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት፣ ልምምዱ እውነተኛ ሆነ፤
የየቀበሌያቸው ባለይዞታ ዝርዝር፣
የሞተውን አንሥቶ፣ ወራሹን ማስፈር።
እጃቸው ወጣ። ሁሉም ዞረ።
«የሚያጠፋው ቁልፍ…
ተጭኜ ልያዘው፣ ወይስ አንድ አንድ ልንካ?»
«ተጭነው ቢይዙት ሁሉን ባንዴ ይጠርገዋል፤
አንድ አንድ ከሆነ ግን…»
«አንድ አንድ ይሁን።»

ጠጋ ብዬ አየሁ።

ጌጤነህ
ጌጤነ
ጌጤ

ጣታቸው ቆመ።
ከስሙ ጫፍ ያቺ ቀጭን መስመር ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም።
ቤት ውስጥ እንዲያ ይሆን የሚጠሯቸው? አልጠየቅሁም።
ጋሽ እንግዳወርቅ ባርኖሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤
ወደ መስኮቱ ዞረው ጉሙን አዩ።

«የጠፋው የት ይሄዳል?»

ሃያውን ጥያቄ በልቤ አገላበጥኩ።
«ፋይል ከሆነ ቅርጫት አለው፣ ከዚያ ይወጣል። ፊደል ግን…»
ፊደል ግን። ምን ልበል?
«ኮንትሮልን ይዘው ዜድን ይንኩ» አልኩ፣
ሌላ የማውቀው ስላልነበረኝ።

ነ መጣ።
ህ መጣ።
ሙሉውን ስም፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ አነበቡት።
«መመለሱን ካወቅሁ…» አሉ፤ አልጨረሱትም።
ከዚያ የሚያጠፋውን ቁልፍ ተጫኑና፣
ይዘውት ቆዩ፣
ስፍራው ነጭ እስኪሆን፣ ከሆነም በኋላ።

በሌላኛው እጃቸው መነጽራቸውን አስተካከሉ።
በ። ለ። ጥ። ሻ።
እዚህ ላይ ጣታቸው ባየር ቀረ፤
ቁልፎቹን ከዳር እስከ ዳር ቃኙ።
«ልጄ፣ ቸ የቷ ላይ ናት?»

ይኼስ አለኝ።
ተራ ቁጥር ሰባት።