መንገድ የሌለው ቤት

ከአራተኛው ፎቅ፣ ከቱሉ ዲምቱ ዳር፣
መብራት ያልጠፋ ለት
ከተማ ስሠራ ነው፣ ኮምፒውተሬ ላይ፣ ሌሊቱን የማድር።

ትንሽ ከተማ ናት፤ ግን እውን እንድትመስል
አጥሯን አዘመምኩት፣ ቆርቆሮዋን አዛግኩ፣ ለእውነቷ ስል።
ፌርማታው ላይ ሰልፍ አለ፣ በጃንጥላ የደመቀ፣
ከጀርባው አንድ ፎቅ፣ ብረቱ አናቱ ላይ ጎፍሮ ያላለቀ።
ቢጫ ጀሪካኖች ከቧንቧው ሥር ደርድሬ
አንዱን ክዳን ነሣሁት፤
የኛ ቤት ጀሪካን ነው፣ አልክደውም ዛሬ።

ኦቦ ቱፋ መጡ፣ የብሎኩ ዘበኛ፤
ስልክ ቻርጅ ሊያደርጉ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ጎራ አሉ ወደኛ።
ከነካፖርታቸው ቆመው አዩ፣ አዩና
«ወንዙን አጣመምከው፤
በዚህ ነው የሚወርድ፣ በሾላው ጎን ቀና።
እዚህ ጋ ምስር ነበር፣ ከምስሩ በላይ ጤፍ፣
መሬቱ መረሬ፤ ጫማህን ሳይበላ እግር የማያሳልፍ።»

ወንዙን አፈረስኩት። ማፍረስ አንድ ቁልፍ ነው፣
የጨዋታው ዶዘር አቧራም፣ ጩኸትም የለው።
እሳቸው ዝም አሉ።
ከዚያ «የኔንም ቤት ሥራው» አሉኝ፣ ሳይቀመጡ፤
«ከወንዙ ማዶ ነው፣ ሁለት ባሕር ዛፎች ከጓሮው የወጡ።»

ሠራሁት። ሣር ክዳን አጣሁ ከዝርዝሩ፤
የድርቆሽ መጋዘን ቆርጬ ገጠምኩ።
«ይሁን» አሉ፣ ለነገሩ።

ወዲያው ከጣሪያው ላይ ቀይ ምልክት በራ፦
«ይህ ቤት መንገድ የለውም፤ ነዋሪ አይገባበትም»፣
ከደወል ድምፅ ጋራ።
አነበብኩላቸው።
ሳቁ፣ ካፖርታቸው እስኪንቀጠቀጥ።
«ደህና ማሽን ነው» አሉ፣ «ቀድሞ ይናገራል።»
ስልካቸውን ነቀሉ፤ አርባ ሁለት በመቶ። ወረዱ።

መንገድ ልስብ ነበር።
ግን በየትም በኩል ባደርገው
ምስሩን ሊያቋርጠው ነው።