የማን ድንጋይ ነው

«ቆሽቴ አረረ» የሚል ሰው፣ አንድ ነገር የከፋው ነው፤
ኢልማሪን አልከፋውም፣ ቆሽቱን ብቻ አመመው።
ግንበኛ ነበረ በቱርኩ ከተማ፣
አርባ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ከኖራ ሲያስማማ።
ከዕጢው ላይ ቁራሽ ለጥናት ፈቀደ፣
በግንበኛ እርሳሱ ስሙን ጽፎ ሄደ።

ቁራሹ ጠንካራ ነው፤ ስለት ያዳልጣል።
ጥቂቱ ካንሰር ነው፣ ግንቡ ግን ይበልጣል።

ግንቡን ማን ሠራው?

ድሮ የምናውቀው፦ ጎረቤት ሕዋሳት
ቁስል መስሏቸው ነው የሚገነቡለት።
ኮላጅን ይፈትላሉ፣ ገመድ በገመድ ላይ፣
እሱ እንደ እንግዳ ቁጭ ብሎ ሲያይ።

እኔ ግን ቁራሹን ከአይጥ ገላ ሰፋሁት፤
ጎረቤቱን የአይጥ፣ እንግዳውን የሰው አደረግሁት።
የአይጥና የሰው ፕሮቲን በብዙ ይመሳሰላል፤
አልፎ አልፎ ብቻ በአንዲት ፊደል ይለያል።
ዕጢው ሲያድግ ፈጭቼ ለመመዘኛው ሰጠሁ፣
ወንበሬን አስጠግቼ ስክሪኑን አየሁ።

የአይጥ። የአይጥ። የአይጥ።
ከመስኮቱ ውጭ በረዶው ይወርዳል።
የአይጥ። ሻዬ ቀዘቀዘ። የአይጥ።
ሊነጋጋ ሲል
የሰው።

ጥቂት ናት። ከመቶ አስር እንኳ አትሞላ።
እሷ የበረከተችበት ግን ብዙ አይቆይም ከዚያ በኋላ።
ለካስ እንግዳው ራሱ በጓሮ በር ወጥቶ
ድንጋይ ያቀብላል፣ ጎረቤት መስሎ ገብቶ።

ኢልማሪ ያለኝ ትዝ አለኝ፣ የፈረመ ዕለት፦
«ቅጥር የብዙ ሰው ነው። የኔን ድንጋይ ግን
ዓይኔን አስረሽ ብትወስጅኝ ዳስሼ አውቀዋለሁ፤
ኖራው ሳይደርቅ አውራ ጣቴን እተውበታለሁ።»

በመጋቢት ሞተ፣ የአውራ ወንዝ በረዶ ሲሰበር።
ልጁ ሲርካ ደውላ፣ «ታዲያ የራሱ እጅ ነበር?»
አለችኝ።
ፊደሉ የእሱ ነው፤ እጁ ግን —
አልጨረስኩላትም።

ወደ ማታ በወንዙ ዳር፣ ቅጥሩን ይዤ ሄድሁ፣
ጓንቴን አውልቄ ድንጋዮቹን ነካሁ።
ቅዝቃዜው ያደነዝዛል። አንዱ ኖራ ላይ
ጎድጎድ ያለ ነገር አለ፤
አውራ ጣት ይሁን የውርጭ ቁስል፣
ጣቴ አልለየም።